«ፒ ቫልዩዬ 0.07 ወጣ፤ ምን ይሻለኛል?»

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ በአንድ ነገር ዙሪያ ናቸው። የጤና ጥናት «አረጋገጠ» ሲባል ምን ማለት ነው? ጥቂት መቶ ሰዎችን አይቶ ስለማያውቃቸው ሚሊዮኖች መናገርስ እንዴት ይቻላል? የዛሬውን ገጽ ሙሉውን ለዚሁ ሰጥቼዋለሁ።

ለአዲስ አንባቢዎች አንድ ነገር ልናገር። እኔ ሐኪም አይደለሁም። ሐኪሞችና ተመራማሪዎች የሰበሰቡትን መረጃ የምተነትን የስታቲስቲክስ ሰው ነኝ። «መድኃኒቴን ላቁም ወይ?» ለምትሉኝ ሁሉ መልሴ ያው ነው፤ ሐኪማችሁን ጠይቁ። ቁጥሩን ግን አብረን እናየዋለን።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን አሉ? የማስተርስ ተማሪ ነኝ። በስልክ የጽሑፍ ማስታወሻ የተላከላቸው ታካሚዎች ከቀጠሮ መቅረት ይቀንሱ እንደሆነ አጥንቼ ፒ ቫልዩው 0.07 ወጣ። አማካሪዬ «ግኝት የለህም» አሉኝ። ጓደኛዬ ደግሞ «ትንሽ ሰው ጨምርበት፣ ከ0.05 በታች ይወርድልሃል» ይለኛል። ዲፌንሴ ደርሷል። ምን ይሻለኛል?
(ጭንቅ ላይ ያለ ተማሪ)

መልስ፦ አይዞህ ወንድሜ። በመመረቂያ ሰሞን አንተን የመሰለ ተማሪ ከቢሮዬ በር ላይ አይጠፋም። ፍላሹ በእጁ፣ ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት ቀልቶ። ሁሉም የሚጠይቀኝ ያንኑ ነው፤ «ከ0.05 በታች ማድረግ አይቻልም?» ከዚያ በታች የወረደ ውጤት «ግኝት» ይባላልና።

ቁጥሮችህን ስላልላክህልኝ ለማስረዳት ያህል የራሴን ልፍጠር። ታካሚዎቹ በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ እንበል፤ በየቡድኑ 100 ሰው። ማስታወሻ ካልተላከላቸው 30ው ቀሩ። ከተላከላቸው ደግሞ 19ኙ። ልዩነቱ ከ100 ሰው 11 ነው። በተራው ካይ ስኩዌር (ሁለት ቡድኖችን በሚያወዳድረው ስሌት) ብታሰላው ፒ ቫልዩው 0.07 ይመጣል።

አሁን ማስታወሻው ጨርሶ አይጠቅምም ብለን እንነሳ። ያኔም ቢሆን ከሁለቱ ቡድኖች እኩል ሰው ይቀራል ማለት አይደለም። ዕጣው ራሱ መቅረት የሚያበዙትን ሰዎች ወደ አንዱ ወገን ሊያበዛቸው ይችላል። ፒ ቫልዩ የሚመልሰው ጥያቄ ይህ ነው፤ ማስታወሻው የማይጠቅም ቢሆን ኖሮ፣ 11 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ልዩነት እንዲሁ በአጋጣሚ የሚታየው ስንት ጊዜ ነው? ከ100 ጊዜ 7 ጊዜ ያህል። አለቀ። ማስታወሻው ይጠቅማል አይልም፤ አይጠቅምም አይልም። ምን ያህል እንደሚጠቅም ደግሞ ጭራሽ አያነሳም።

አንድ ነገር ላሳይህ። ማስታወሻ ከተላከላቸው የቀሩት 19 ሳይሆኑ 18 ቢሆኑስ? ያው ካይ ስኩዌር፣ ያው ቀመር። ፒ ቫልዩው 0.047 ይሆናል። አንድ ሰው ብቻ! አንድ ታካሚ የዚያን ቀን አውቶቡስ አምልጦት ቀረ፣ አንተም «ግኝት የለህም» ተባልክ። አውቶቡሱ ቆሞለት ቢሆን ኖሮ «ግኝት አለህ» ተብለህ እጅህን ትጨበጥ ነበር። ስለ ማስታወሻው ያለን እውቀት በአንድ ሰው እንዲህ ይገለበጣል እንዴ?

0.05ን ከሰማይ የወረደ ሕግ የሚያስመስሉት ብዙዎች ናቸው። ቁጥሩን ያስለመደው ሮናልድ ፊሸር የሚባል እንግሊዛዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1925 ባሳተመው የተመራማሪዎች መመሪያ ላይ ከ20 አንድ የሚለውን ዕድል እንደ ወሰን መያዝ አመቺ ነው ብሎ ጻፈ። አመቺ፣ አለ። ያው ሰውዬ ከሠላሳ ዓመት በኋላ በሁሉም ጥናትና በማንኛውም ሁኔታ ላይ ያንኑ አንድ ወሰን የሚጠቀም ተመራማሪ የለም ብሎ ጽፏል። የአሜሪካ የስታቲስቲክስ ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መግለጫ ሳይንሳዊ ድምዳሜም ሆነ የፖሊሲ ውሳኔ ፒ ቫልዩ መስመር በማለፉና ባለማለፉ ብቻ መወሰን የለበትም ብሏል። ይህን ለአማካሪህ በትሕትና ጥቀስላቸው። በትሕትና ያልኩት ያለምክንያት አይደለም፤ የሚፈርሙት እሳቸው ናቸው።

ታዲያ ምን ትጽፋለህ? ኮንፊደንስ ኢንተርቫሉን። በእኔ ምሳሌ ልዩነቱ 11 ነው፤ 95 በመቶ ኮንፊደንስ ኢንተርቫሉ ደግሞ ከ−1 እስከ 23 ገደማ ይሄዳል። ይህን ጥናት በአዲስ ሰዎች 100 ጊዜ ብንደግመውና በየጊዜው እንዲህ ያለ ክልል ብናወጣ፣ 95 ያህሉ ክልሎች ትክክለኛውን ልዩነት ይይዛሉ። የአንተ ክልል ከሚይዙት ይሁን ከሚስቱት የምታውቅበት መንገድ የለም። ቢሆንም ብዙ ነገር ይነግርሃል። ማስታወሻው በትንሹ ሊጎዳ ይችላል፤ ላይጠቅም ይችላል፤ ከ100 ቀጠሮ 23ቱን ሊያድንም ይችላል። ይህ «ግኝት የለም» ይባላል? ጥናቱ ትንሽ ነው፣ መልሱም ገና ሰፊ ነው ማለት ነው። ከ30 ወደ 19 መውረድን የሚያህል ለውጥ በ80 በመቶ ዕድል ለመያዝ በየቡድኑ 240 ሰው ገደማ ያስፈልግ ነበር።

የጓደኛህን ምክር ግን አትስማ። ሰው ጨምሮ ማየት፣ እምቢ ካለ እንደገና ጨምሮ ማየት፣ መስመሩን ሲያልፍ ማቆም፤ ይህ ዕጣው እስኪወጣልህ መጣል ነው። ምንም በማይጠቅም ነገር ላይ እንኳ አምስት ጊዜ እያቆምክ በ0.05 ብትፈትሽ፣ አንዱ ላይ «ተሳካ» የማለት ዕድልህ ከ5 በመቶ ወደ 14 በመቶ ይወጣል። መጨመር ካስፈለገ ስንት ጊዜ እንደሚታይ አስቀድሞ በፕሮቶኮሉ፣ ማለትም በጥናቱ ዕቅድ፣ ይጻፋል፤ ለዚያም የራሱ ስሌት አለው።

ደግሞ ከዲፌንስ በፊት ፍሪኩዌንሲ (እያንዳንዱ መልስ ስንት ጊዜ እንደመጣ) አውጥተህ ዳታህን በዓይንህ እይ። ዕድሜያቸው ያልታወቀ ታካሚዎች 99 ተብለው ገብተው፣ ያ 99 እንደ ዕድሜ ተቆጥሮ አማካይ ዕድሜውን ሰማይ ያደረሰበት ፋይል በየጊዜው ይመጣልኛል። የስሌት ፕሮግራሙ ኤስፒኤስኤስ አይጠይቅህም። የሰጠኸውን ይደምራል።

ጥያቄ፦ በሬዲዮ የጤና ዝግጅት አቀርባለሁ። አንድ ጥናት ላይ ፒ = 0.03 ይላል። «መድኃኒቱ የመሥራቱ ዕድል 97 በመቶ ነው» ብዬ ባቀርበው ስህተት አለው?
(ጋዜጠኛዋ)

መልስ፦ አለው። እባክሽ እንዲህ ብለሽ እንዳታቀርቢው።

0.03 ማለት መድኃኒቱ የማይሠራ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ያለ ወይም ከዚህ የበለጠ ልዩነት የማየት ዕድል ነው። አንቺ ልትናገሪ የፈለግሽው ደግሞ ሌላ ነው፤ ይህ ውጤት ከታየ በኋላ መድኃኒቱ የማይሠራ የመሆኑ ዕድል። ዝናብ ከዘነበ መንገዱ ይረጥባል። መንገዱ ረጥቦ ስላየሽ ግን ዘንቧል ብለሽ አትምዪም፤ ቧንቧ ፈንድቶም ይሆናል።

ልዩነቱ ምን ያህል እንደሆነ በቁጥር እንየው። ተመራማሪዎች 1000 አዳዲስ የሕክምና ሐሳቦችን ሊሞክሩ ነው እንበል። ከእነዚህ በእውነት የሚሠሩት 100 ብቻ ናቸው። ጥናቶቹ ጥሩ ናቸው፤ የሚሠራውን ሐሳብ ከ100 ጊዜ 80 ጊዜ ይይዙታል። ስለዚህ 80 እውነተኛ ግኝት አገኘን። ከማይሠሩት 900 ውስጥም 5 በመቶው፣ ማለትም 45ቱ፣ በአጋጣሚ ከ0.05 በታች ይገባሉ። ዜና ሆነው አንቺ ጋ የሚደርሱት 125 ናቸው። ከነሱ 45ቱ ባዶ ናቸው። ከሦስቱ አንዱ በላይ ማለት ነው! ሁሉም ግን ወረቀታቸው ላይ ከ0.05 በታች ተጽፎላቸዋል።

ከ1000ዎቹ ግማሹ የሚሠሩ ቢሆኑስ? ያኔ 400 እውነተኛና 25 ባዶ ግኝት ይኖረናል። ባዶው ከ100 ግኝት 6 ያህል ብቻ ይሆናል። ያው 0.05 ነው፤ የሚናገረው ግን ሌላ ሆነ። ስለዚህ ጥናቱ ከመሠራቱ በፊት ነገሩ ምን ያህል ያስኬድ ነበር የሚለውን ጠይቂ። በሌሎች ጥናቶች የተደገፈ ነው? ወይስ ድንገት ብቅ ያለ ነው? ፒ ቫልዩ ይህን አያውቅም።

በሬዲዮ ለማቅረብ ደግሞ እንዲህ በይ፤ «መድኃኒቱን ከወሰዱ ከ100 ሰዎች ይህን ያህሉ፣ ካልወሰዱት ደግሞ ይህን ያህሉ ተሻላቸው። እውነተኛው ልዩነት ከዚህ እስከዚህ ሊሆን ይችላል።» አድማጭ ይገባዋል። ፒ ቫልዩውን ብትተዪው ማንም አይቀየምሽም።

ጥያቄ፦ ነርስ ነኝ። አንድ የመድኃኒት ወኪል «300 ሰው ላይ ተሞክሮ አንድም ሰው ከባድ የጎንዮሽ ጉዳት አልደረሰበትም፣ ምንም ስጋት የለውም» አለን። 300 ሰው በቂ አይደለም እንዴ?

መልስ፦ እህቴ፣ ዜሮ ደስ ይላል፤ ማስረጃነቱ ግን ልክ አለው።

ጉዳቱ በእውነት ከ100 ሰው አንዱ ላይ የሚደርስ ነው እንበል። ቀላል አይደለም፤ በሺህ ታካሚ 10 ሰው ነው። አንድ ታካሚ ከጉዳቱ የማምለጥ ዕድሉ 0.99 ነው። ሁለት ታካሚዎች ሁለቱም የሚያመልጡት በ0.99 ሲባዛ በ0.99። ይህን 300 ጊዜ አባዢው። ስልክሽ ላይ ባለው ካልኩሌተር ሞክሪ፤ 0.049 ይመጣል። እንዲህ ያለ ጉዳት ያለው መድኃኒት በ300 ሰው ተሞክሮ ንጹሕ መስሎ የመውጣት ዕድሉ 5 በመቶ ያህል ነው።

በሙያችን ለዚህ አቋራጭ አለ። ምንም ጉዳት ካልታየ 3ን በተሞከረባቸው ሰዎች ቁጥር አካፍዪ። የምታገኚው የ95 በመቶው ክልል ጣሪያ ነው። በ30 ሰው ዜሮ ከታየ ጉዳቱ ከ10 አንድ ድረስ ሊሆን ይችላል። በ300 ዜሮ ከሆነ ከ100 አንድ ድረስ። ከ1000 አንድ ሰው ላይ የሚደርስን ጉዳት በዚሁ ደረጃ ለማስወጣት 3000 ሰው ያስፈልጋል። ብዙ ጉዳቶች መድኃኒቱ ገበያ ላይ ከዋለ በኋላ የሚታወቁት በዚህ የተነሳ ነው። አንቺ ተረኛ ሆነሽ የምትሞዪው የጎንዮሽ ጉዳት ሪፖርት ቅጽም ዋጋው ትልቅ ነው። ብዙዎቹ ባልደረቦችሽ ይህን ቅጽ አይሞሉትም፤ በዚህ እከፋለሁ።

ወኪሉ ሲመለስ ሁለት ነገር ጠይቂው። እነዚያ 300 ሰዎች ለምን ያህል ጊዜ ክትትል ተደረገላቸው? ነፍሰ ጡሮች፣ አረጋውያን፣ የኩላሊት ሕመም ያለባቸው በጥናቱ ነበሩበት? ካልነበሩበት ዜሮው እነሱን አይመለከትም።

ጥያቄ፦ የምወስደው የወሊድ መከላከያ «የደም መርጋት አደጋን በእጥፍ ይጨምራል» የሚል ነገር አንብቤ እንቅልፍ አጣሁ። በእጥፍ!

መልስ፦ በእጥፍ፣ ከምን ተነስቶ? መጀመሪያ የሚጠየቀው ይህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1995 ብሪታንያ ውስጥ ልክ እንዲህ ያለ ነገር ሆኖ ነበር። የመድኃኒት ደኅንነት ኮሚቴው አዲሶቹ የወሊድ መከላከያ እንክብሎች የደም መርጋትን አደጋ በእጥፍ ገደማ ይጨምራሉ ብሎ ለሐኪሞች አሳወቀ። ዜናው በአንድ ቀን አገሩን አዳረሰ። ብዙ ሴቶች ደንግጠው እንክብሉን አቆሙ። ከቁጥሩ ጀርባ የነበረው ይህ ነው፤ ከ7000 ሴቶች አንዷ ላይ ገደማ ይደርስ የነበረው፣ ከ7000 ሁለቱ ላይ ገደማ ወደ መድረስ ከፍ አለ። «እጥፍ» የተባለው አንዲት ሴት ነበረች። በቀጣዩ ዓመት እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ ወደ 13,000 የሚጠጋ ተጨማሪ ፅንስ ማቋረጥ እንደተፈጸመ ተገምቷል። እርግዝናም ሆነ ፅንስ ማቋረጥ የደም መርጋት አደጋቸው ከእንክብሉ ይበልጣል። የተሸሸው አደጋ በሌላ በር ገባ።

ስለዚህ «በእጥፍ»፣ «በ50 በመቶ ቀነሰ» የሚል ነገር ስታነቢ ከስንት ሰው ስንት እንደሆነ ካልተጻፈ ወረቀቱን አስቀምጪው። ከባድ ራስ ምታት፣ ማጨስ ወይም በቤተሰብ የደም መርጋት ታሪክ ካለሽ ግን ለሐኪምሽ ንገሪ። አንቺ ከ7000ዎቹ ተራ ሴቶች የተለየሽ ልትሆኚ ትችያለሽ።

ጥያቄ፦ አባታችን የልብ ሕመምተኛ ናቸው። አንድ ጥናት አዲሱ መድኃኒት በአጠቃላይ ለውጥ አላመጣም፣ ነገር ግን ከ65 ዓመት በላይ ሆነው ስኳር የሌለባቸውን ወንዶች ጠቅሟል ይላል። አባታችን ልክ እንደዚያ ናቸው። ደስ ይበለን?

መልስ፦ ለአባታችሁ ምሕረቱን ያምጣላቸው። ደስታውን ግን ትንሽ ቆይታችሁ።

በሙያችን ውስጥ የታወቀ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1988 የታተመ አይሲስ-2 የሚባል ትልቅ ጥናት ነው። ድንገተኛ የልብ ጥቃት (ሃርት አታክ) ደርሶባቸዋል ተብለው የተጠረጠሩ 17,187 ሰዎች ገቡበት። አስፕሪን ከተሰጣቸው 8587 ሰዎች ውስጥ በአምስት ሳምንት 804ቱ በልብና በደም ሥር ምክንያት ሞቱ። ባዶ እንክብል ከተሰጣቸው 8600 ውስጥ ደግሞ 1016ቱ። ከ100 ሰው 9.4 እና 11.8 መሆኑ ነው። እንዲህ ባለ ትልቅ ጥናት ይህ ልዩነት አጋጣሚ ነው ለማለት በጣም ያስቸግራል።

ተመራማሪዎቹ ግን አንድ ተንኮል አከሉ። ታካሚዎቹን በኮከባቸው ከፋፈሏቸው! ኮከባቸው ገውዝና ሚዛን የሆኑት ላይ አስፕሪን በመጠኑ የሚጎዳ መስሎ ወጣ። የቀሩትን ኮከቦች ግን በደንብ ጠቀመ። ማንም ሐኪም ከዚያ ወዲያ «ኮከብዎ ምንድን ነው?» ብሎ አስፕሪን አላዘዘም። ተመራማሪዎቹም የፈለጉት ይህንኑ ለማሳየት ነበር። ሰዎችን በበቂ ብዛት ከቆራረጥካቸው አንዱ ቁራጭ ላይ የሚያስገርም ነገር መታየቱ አይቀርም። ምንም በሌለበት 20 ነጻ ፈተናዎችን በ0.05 ብታደርግ ቢያንስ አንዱ «ተሳካ» የማለቱ ዕድል 64 በመቶ ነው።

ወንድ፣ ከ65 በላይ፣ ስኳር የሌለበት። ሦስት ቦታ ተቆርጧል። ያልጠቀማቸውስ እነማን ነበሩ? ስንት ዓይነት ቁራጭ ተሞክሮ ነው ይህኛው የተነገረን? ክፍፍሉ ጥናቱ ሳይጀመር በፕሮቶኮል ተጽፎ ከነበረ፣ ሌላ ጥናትም ያንኑ ካገኘ፣ ያኔ እንነጋገራለን። እስከዚያ አባታችሁ የታዘዘላቸውን ይውሰዱ።

ጥያቄ፦ እርስዎ ጥናት ጥናት ይላሉ። ዛሬ ይጠቅማል ይባላል፣ ነገ ይጎዳል ይባላል። በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሰው የተጠናበት እንኳ ይገለበጣል። ለምን እንመን?
(የተሰላቸ አንባቢ)

መልስ፦ መሰላቸትዎ አይገርመኝም። ጥሩ ምሳሌው የማረጥ ዕድሜ ሆርሞን ነው። ለረጅም ዓመታት ብዙ ሴቶችን የተከታተሉ ጥናቶች ሆርሞን የሚወስዱት ሴቶች ልባቸው ጤነኛ ነው ይሉ ነበር። ከዚያ አሜሪካ ውስጥ 16,608 ሴቶች በዕጣ ተመድበው ግማሾቹ ኢስትሮጅንና ፕሮጄስቲን፣ ግማሾቹ ባዶ እንክብል ወሰዱ። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2002 ከጊዜው በፊት ቆመ። በሆርሞኑ ቡድን የልብ ሕመም በ29 በመቶ በልጦ ተገኘ፤ ክልሉ ከ2 እስከ 63 በመቶ ነበር። ከላይ ያልኩትን እንዳልረሳ፣ በቁጥር ሲታይ በዓመት ከ10,000 ሴቶች 7 ተጨማሪ ሕመምተኛ ነው።

ለምን ተገለበጠ? በፊተኞቹ ጥናቶች ሆርሞን የመረጡት ሴቶች ከሌሎቹ የተለዩ ነበሩ። በአብዛኛው የተሻለ ኑሮና ትምህርት ነበራቸው፤ ሐኪም ዘንድም ቶሎ ይሄዱ ነበር። ልባቸውን የጠበቀው እንክብሉ ይሁን ኑሯቸው መለየት አልተቻለም። እንዲህ ያለ አድልዎ በሰው ብዛት አይጠፋም። ይልቅ ሰው በበዛ ቁጥር ኮንፊደንስ ኢንተርቫሉ እየጠበበ የተሳሳተውን መልስ በልበ ሙሉነት ያስነግርዎታል። ፒ ቫልዩም ሆነ ኢንተርቫል የሚያሰሉት ዕጣው የሚያመጣውን መዛባት ብቻ ነው። ማን ወደየትኛው ቡድን እንዴት እንደገባ አያውቁም።

ዕጣ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 የታተመው የብሪታንያ የስትሬፕቶማይሲን ጥናት የተሠራው በ107 የሳንባ ነቀርሳ ሕመምተኞች ብቻ ነበር። ምደባው በታሸገ ፖስታ ውስጥ ነበር፤ ሐኪሙ ሕመምተኛው ከመግባቱ በፊት ፖስታውን መክፈት አይችልም። በስድስት ወር መድኃኒቱን ካገኙት 55 ሰዎች 4 ሞቱ፤ አልጋ ላይ ዕረፍት ብቻ ካገኙት 52 ደግሞ 14። ያ ትንሽ ጥናት ከብዙ ግዙፍ ጥናቶች በላይ ይታመናል።

ደግሞ በዕጣ የማይደረግ ነገር አለ። ሰውን በዕጣ ሲጋራ አታስጨስም። ፊሸር፣ ያ የ0.05ቱ ሰውዬ፣ ሲጋራ የሳንባ ካንሰር ያመጣል የሚለውን እስኪሞት አልተቀበለም። ሁለቱንም አንድ ዘረመል ሊያመጣቸው ይችላል ይል ነበር። ራሱም ፒፓ አጫሽ ነበር። ክርክሩ የተረታው ብዙ ዓይነት ማስረጃ ሲደራረብበት ነው፤ ብዙ ያጨሰ ይበልጥ ይታመማል፣ ያቆመ አደጋው ይቀንሳል፣ በየአገሩ የተሠሩት ጥናቶችም ያንኑ ይላሉ። እርስዎም አንድ ጥናት አይመኑ፤ በተለያየ መንገድ ተሠርተው አንድ ቦታ የሚደርሱትን ይመኑ።

ጥያቄ፦ ለቴሲሴ ናሙና ላወጣ ነው። የቀደሙን ተማሪዎች ሁሉ 384 ወይም 422 ብለው ጽፈዋል። እኔም 422 ብል ያስኬዳል?

መልስ፦ ይህን ቁጥር ያላየሁበት ሳምንት የለም! 384 የሚመጣው እንዲህ ነው። 1.96 በራሱ ተባዝቶ፣ በ0.5 እና እንደገና በ0.5 ይባዛል፤ ከዚያ ለ0.05 እና ለ0.05 ብዜት ይካፈላል። 384.16። መልስ ለማይሰጡ ሰዎች 10 በመቶ ሲጨመርበት 422 ይሆናል። የሚሠራው ለአንድ ዓይነት ጥያቄ ነው፤ ከሰዎቹ ስንት በመቶው ይህ ነገር አለባቸው የሚለውን፣ 5 ነጥብ ወደላይ ወይም ወደታች እየሳቱ ለማወቅ።

ያንቺ ጥያቄ ሁለት ቡድን ማወዳደር ከሆነ ቀመሩ ሌላ ነው። የምታጠኚው ከ100 ሰው ሁለቱ ላይ የሚገኝ ሕመም ከሆነም 384 አይበጅሽም፤ «2 በመቶ፣ ሲደመር ወይም ሲቀነስ 5» ብሎ ሪፖርት የለም። ከ100 ሰው −3 ሊታመም ነው? እንዲያ ሲሆን ስህተቱን ወደ 1 ነጥብ አጥብቢው፤ በ2 በመቶ ስታሰዪው 753 ሰው ይመጣል። ሰዎቹን በየቤቱ ሳይሆን በየቀበሌው ወይም በየክሊኒኩ በጅምላ የምትመርጪ ከሆነ ደግሞ የአንድ አካባቢ ሰዎች ስለሚመሳሰሉ ቁጥሩ ከዚህም ይጨምራል፤ ብዙዎች በ1.5 ወይም በ2 ያባዙታል።

ዋናው ጥያቄሽ ምን እንደሆነ፣ ከዚህ በፊት በሌላ ጥናት ስንት በመቶ እንደታየ፣ ሰዎቹን እንዴት እንደምትመርጪ ጻፊልኝ። በሚቀጥለው እትም አብረን እናሰላዋለን።